በአውራ ጣቴ የፈረምኩት ሞት

አስካለ በሕይወት ሳለሁ ሞቷል ብላ አስመዘገበችኝ። ለሞቴ ምስክር የሆንኩትም እኔው ነኝ፤ ያኔ ማንበብ ስለማልችል አውራ ጣቴን ቀለም አስነክራ ወረቀቱ ላይ አስጫነችኝ። በዚህ የተነሳ የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች እስከ ዛሬ በደንብ አይታጠፉም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ወደ ታች ስወርድ ድምፄ የለሰለሰ የመሰለው ሰው እንዳይሳሳት ነው።

አሁን ሞታለች። የነገረችኝ ዘይነባ ናት፤ ከአስካለ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ የኖረች የወሎ ልጅ። እዚህ ሊባኖስ፣ ጃል ኤል ዲብ የሚባል ሰፈር ውስጥ በዘበኝነት በምሠራበት ሕንፃ ሥር የአንዱን ነዋሪ መኪና ሳጥብ ስልኬ ጠራ።

"ደሜ፣ እትዬ አረፈች።"

"መቼ?"

"ዛሬ ጠዋት። ሆስፒታሉ በር ላይ።"

"በር ላይ ምን ማለት ነው?"

"መያዣ ገንዘብ አምጡ አሉን። እኔ ልፈልግ ስሮጥ እሷ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠች ቀረች።"

ስልኩን ዘጋሁ። መኪናውን አጥቤ ጨረስኩ፤ ባለቤቱ ቸኩሎ ነበር።

ስለ ሙት ክፉ አይወራም ይላሉ። እኔ ሙት በነበርኩበት ጊዜ ያልተወራብኝ ክፉ ስለሌለ ይህ ደንብ እኔን አይመለከተኝም።

አስካለ የኮልፌ ልጅ ናት። ቁመቷ ከእኔ ይበልጥ ነበር፣ ክንዷም እንደዚሁ። ሊባኖስ የመጣችው በቤት ሠራተኝነት ነው፤ እዚሁ ጃል ኤል ዲብ አንዲት ማዳም ቤት ስድስት ዓመት ሠራች። አንድ ቀን ማዳሟ ሸሚዜን አቃጠልሽ ብላ የጋለውን ካውያ ክንዷ ላይ ለጠፈችባት። አስካለ ካውያውን ከሴትዮዋ እጅ ተቀበለች፣ ሶኬቱን ነቀለች፣ ገመዱን ጠቅልላ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ማዳሟን አንዴ በጥፊ መትታ በበሩ ወጣች። ፓስፖርቷ እዚያው ቀረ።

"ካውያውን ለምን አስቀመጥሽው? በዚያው አትመልሺላትም ነበር?" ብዬ ጠይቄያት ነበር።

"ቤቱ ውስጥ ሕፃን ነበረ" አለችኝ።

እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ሰው ናት። ሰው ትደበድባለች፣ ግን መጀመሪያ ሶኬት ትነቅላለች።

ከዚያ በኋላ ሀደት የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ሥር፣ ድሮ የዕቃ መጋዘን የነበረ ሰፊ ክፍል ተከራይታ እንደሷ ከማዳም ቤት የወጡ ሴቶችን ሰበሰበች። እኔ በመተማ ወጥቼ፣ በሱዳንና በሶርያ አድርጌ እዚያ ሕንፃ የደረስኩት በጋዝ ተሸካሚነት ነው። የጋዙ ሱቅ ባለቤት ከደረጃው ሥር እንድተኛ ፈቅዶልኝ ነበር። ቦታው ዝናብ ሲመጣ ስለሚያፈስ ያለችኝን አንዲት ወረቀት፣ ጊዜዋ ያለፈ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን፣ አስካለ ዘንድ አስቀመጥኩ። ይህንን ያዙልኝ።

መብራት ከሄደ ሊፍት የለም፤ ሊፍት ከሌለ ጋዝ በሰው ትከሻ ነው የሚወጣው። ጋዝ የሚሸከም ሰው ደግሞ የሰውን ድስት ያውቃል። ገቢህ ስንት ነው ብለህ ብትጠይቅ ሁሉም ይዋሻል፣ ሀብታሙም ድሃውም። ሲሊንደር አይዋሽም። ስድስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ነበረች፤ ልጇ ካናዳ ሆኖ ዶላር ይልክላታል። ምግብ ከውጭ ታስመጣለች፣ ሲሊንደሯን ግማሹ ሳያልቅ ቀይርልኝ ትለኛለች። አራተኛ ፎቅ ላይ አራት ልጆች ያሉት አስተማሪ ነበረ፤ ደሞዙ በሊራ ነው፣ ሊራው ደግሞ በየሳምንቱ ይሟሟ ነበር። እሱ ቤት ባዶውን ልቀበል ስሄድ ሲሊንደሩ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። የመጨረሻዋን ትንፋሽ ለማውጣት ሚስቱ ሙቅ ውሃ ትደፋበታለች። ሰውዬው ክራቫት አስሮ በር ይከፍትልኛል፣ ዓይኔን ግን አያይም።

አስካለ ማታ ማታ እራት ስታወጣ ትጠይቀኛለች፤ "የማን አለቀ? የማን ቆየ?" እነግራታለሁ። እሷ ሰው ሐሜት የሚሰማውን ያህል ደስ ብሏት ትሰማለች። "ሀብታም ማለት ጋዙ ሲያልቅ የማይሰማው ሰው ነው" ትል ነበር። አስተማሪው ሁለት ሳምንት ጋዝ ሳይወስድ ሲቀር አንድ ድስት ምስር ቀቅላ አሸከመችኝ።

"ምን ልበላቸው?"

"ምንም አትበል። በር ላይ አስቀምጠህ ውረድ። አይተውህ ማመስገን ከጀመሩ ይከብዳቸዋል።"

ድስቱ በሦስተኛው ቀን ታጥቦ፣ ውስጡ ሁለት ሎሚ ተደርጎበት እኛ በር ላይ ተገኘ።

ለእሷ ቤት ማለት ድስት ነው። "ከአንድ ድስት የሚበላ አንድ ቤት ነው፤ ኸላስ፣ ሌላው ወረቀት ነው" ትላለች። ክፍሏ ውስጥ አምስት ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ በሰዓት ቤት እያጸዳች በዶላር የምታገኝ፣ ሌላዋ በሊራ፣ ሌላዋ ሥራ ያጣች፣ ዘይነባ ደግሞ ሰሚር የሚባል ሕፃን ያዘለች። ዶላር ያመጣችውም ባዶ እጇን የገባችውም በአንድ ጭልፋ ይጨለፍላታል፤ ሕፃኑ ብቻ ይቀድማል። ይህ ሲወራ ያምራል። ሲኖሩት ግን በዱላ ነበር የቆመው።

በዶላር የምታገኘዋ ትርንጎ ትባላለች። አንድ ቀን ሽንት ቤት ገብታ ቆየች። አስካለ በሩ ላይ ቆማ አሸተተች፣ ከዚያ በእርግጫ ከፈተችው። ትርንጎ መቀመጫው ላይ ሆና ቱና ከቆርቆሮው በጣቷ እየበላች ነበር።

"በራሴ ገንዘብ ነው የገዛሁት" አለች።

"አውቃለሁ" አለች አስካለ። "ሽታው ግን የጋራ ነው።" በጭልፋው አፍንጫዋን አለቻት። አጥንቱ ሲሰበር ከደረጃው ሥር ሆኜ ሰምቻለሁ። ትርንጎ ደሟን በፎጣ ይዛ ሻንጣዋን እየጎተተች ስትወጣ አስካለ ተከትላት ሄዳ የወሩን የኪራይ ድርሻዋን መለሰችላት፤ "አልኖርሽበትም" ብላ። እኔ ቆሜ ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር። የሚመታው ሌላ ሰው ሲሆን ደንብ ያስደስታል።

አከራያችን አቡ ኤሊ ደግሞ ኪራይ በዶላር ካልሆነ አልቀበልም ያለ ጊዜ ዘይነባን ፀጉሯን ይዞ ከክፍሉ ሊጎትታት ሞከረ። አስካለ በመጥበሻ ጆሮ ግንዱን መታችው። በማግስቱ ሁለት የወንድሙን ልጆች ይዞ መጣና ደረጃው ላይ ጥለው ረገጧት። እኔ ሲሊንደር ትከሻዬ ላይ ነበር፤ አውርጄ መግባት እችል ነበር፣ አልገባሁም። ሲጨርሱ ከወለሉ ተነስታ ከጡት መያዣዋ ዶላሩን አወጣችና ቆጥራ ሰጠችው። ከንፈሯ እንደ ቲማቲም ተሰንጥቋል።

"ደረሰኝ" አለችው።

ጻፈላት።

ካርቶን የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ካርቶን የምንለው ከአንድ ጀምዒያ፣ ያኒ ከእርዳታ ድርጅት፣ የሚታደል ምግብ ነው፤ ዘይት፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ የልጅ ወተት ዱቄት። ይህ ጀምዒያ የራሱ ክሊኒክም ነበረው። ሪም የምትባል ሊባኖሳዊት ልጅ ታብሌት ይዛ ክፍሉ መጣች። ደህና ልጅ ናት፣ አልዋሽም። ጉልበቷ ላይ ታብሌቱን አድርጋ ጀመረች።

"የቤቱ ኃላፊ ማን ነው?"

"ድስቱ" አለች አስካለ።

ሪም ሳቀች። "ሐቢብቲ፣ ሰው ንገሪኝ።"

"እንግዲያው እኔ።"

ስለ ሁሉም ጠየቀች። ዘይነባ ላይ ስትደርስ ቆመች።

"ባል አላት?"

"ነበራት። ጥሏት ሄደ።"

"ከሄደ ይሠራል ማለት ነው። ገቢ ያለው ወንድ ያለበት ቤት ተብሎ ይገባል፤ ሁለተኛ ዝርዝር ላይ ትጠብቃለች።"

"ሳንቲም አይልክላትም እኮ።"

"እሱን ሲስተሙ አይጠይቅም።"

"ሲስተሙ ምን ይጠይቃል?"

"አለ ወይስ ሞቷል። አርመሌ ከሆነች፣ ባል የሞተባት ከሆነች፣ አንደኛ ዝርዝር ናት።"

እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜ ነበር። "ብቻውን የሚኖር ወንድስ?" አልኳት።

ሪም አየችኝ። "ለእሱ ዝርዝር የለም። ብቻውን የሆነ ወንድ ራሱን ይችላል ተብሎ ነው።"

ሰሚር የሚጠባው ጡት ደርቆ ስለነበር ሩዝ የተቀቀለበትን ውሃ በጡጦ ነበር የሚሰጡት። ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቶ አሮጌ ሰው መስሎ ነበር። አስካለ የምታየው እሱን ነበር።

በሦስተኛው ቀን በአማርኛ የታተመ ቅጽና የቀለም መርገጫ ይዛ ደረጃው ሥር መጣች።

"ደምሴ፣ ጣትህን አምጣ።"

"ምንድን ነው?"

"ለካርቶን ነው።"

"ለእኔ ዝርዝር የለም አላለችም?"

"አንተም ትበላለህ። ያላ፣ ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት።"

ጫንኩ። ወረቀቱ ላይ ሟች ተብሎ የገባው ስም የእኔ ነው፤ መታወቂያ ስለሚጠየቅ አሮጌዋን ኢቃማዬን ፎቶ ኮፒ አድርጋ አያይዛዋለች። የምስክሩን ስም ከራሷ ፈጠረች፣ ጣቱን ግን ከእኔ ወሰደች። ደምሴ የዘይነባ ባል ነበር፣ ታሞ ሞተ። አለቀ። ዘይነባ ራሷ አታውቅም፤ ከቅጹ ሥር ፈርሚ ስትባል ፈረመች፣ እሷም እንደ እኔ ፊደል አልቆጠረችም።

ካርቶኑ መጣ። ሰሚር ወተት ጠጣ፣ ጉንጩ ተመለሰ፣ መሮጥ ጀመረ። እኔም እንዳለችው በላሁ። ስምንት ወር ሙሉ የራሴን ተዝካር ስበላ ነበር፣ ሳላውቅ።

አንድ ቀን መብራት በሌለበት ሙሉ ሲሊንደር ተሸክሜ አምስተኛ ፎቅ ልደርስ ስል እግሬ ከዳኝ። ሲሊንደሩ ቀኝ እጄን ከደረጃው ብረት ጋር አጣብቆ ጨፈለቀው። ሁለት ጣቶቼ ወደማይታጠፉበት አቅጣጫ ታጥፈው አየኋቸው። የሱቁ ባለቤት ሲሊንደሩ እንዳልተቀደደ አጣርቶ ሲጨርስ አንድ ጥቅል ሶፍት ሰጠኝና "ነገ ካልመጣህ ሌላ ሰው አለኝ" አለኝ። በእግሬ ወደ ጀምዒያው ክሊኒክ ሄድኩ፤ እዚያ ማንም ሰው ስሙን ከሰጠ ይታያል ይባል ነበር።

ስሜን ሰጠሁ። የእንግዳ መቀበያዋ ጻፈች፣ ማያ ገጹን አየች፣ እኔን አየች።

"ይህ ሰው ሞቷል።"

"ማነው የሞተው?"

"ደምሴ። የዘይነባ ባል።"

"እኔ ሚስት የለኝም።"

"ታዲያ የሞተ ሰው ስም ይዘህ ምን ትሠራለህ?"

ጠረጴዛውን በደህና እጄ መታሁ። ጥበቃው መጣ። አንገቴን ይዞ ከግድግዳ ጋር አጋጨኝ፣ ጎኔን በጉልበቱ ሁለቴ መታኝ፣ "ሌባ፣ ከሙት ትሰርቃለህ" አለኝ። መሬቱ ላይ ደሜ ስለፈሰሰ አንበርክኮ በግራ እጄ አስጠረገኝ። ሶፍቱ የራሴው ነበር።

ስመለስ አስካለ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ዘይነባ ልጁን ታጥባለች።

"ገድለሽኛል?" አልኳት።

ቢላዋውን አስቀመጠች። "ማን ነገረህ?"

"ገድለሽኛል ወይ ነው የምልሽ።"

"አዎ። እጅህ ምን ሆነ? ና ልየው።"

በግራ ቡጢዬ ዓይኗን መታኋት። እግዜር ያውቃል፣ ደግሜም ልመታት ነበር። እሷ ግን ከቀበቶዬ የጋዙን መፍቻ መዝዛ አፌን አለችኝ። ሁለት ጥርሴ ምላሴ ላይ ወደቀ። ቁጭ አልኩ።

"ሙት አይማታም" አለች።

ዘይነባ ልጁን እንደታቀፈች ጥግ ይዛለች። "እትዬ፣ ማነው የሞተው?"

"ባልሽ። ይኸውልሽ።"

"ወላሂ፣ ያለ ኒካህ አርመሌ ሆንኩ?" አለች ዘይነባ። ያን ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም፤ በኋላ ግን ብዙ ስቀንበታል።

አስካለ የማማሰያውን እንጨት ለሁለት ሰብራ ጣቶቼን አስገባችበት፣ በዘይነባ ሻሽ አሰረችው። እኔ ደም እተፋለሁ፣ እሷ ታስራለች፣ የመታኋት ዓይኗ እያበጠ ይዘጋል።

"ለምን እኔን?"

"ወረቀትህ እኔ ጋ ነበረ።"

"እሱን አልጠየቅኩሽም።"

አጠበቀችው፤ ጮህኩ። "አንተ አንድ አፍ ነህ ደምሴ። ሲሊንደር ካነሳህ ትበላለህ። ይኼ ልጅ ምን ያነሳል? ብትኖር ዝርዝር የለህም፣ ብትሞት ለሰው ወተት ትሆናለህ። አንተ ብትሆን ማንን ትመርጥ ነበር?"

"ጠይቂኝ ነበራ።"

"እምቢ ብትለኝስ?"

እምቢ እል ነበር።

ጣቶቼ ተጣመው ገጠሙ። የጋዙን ሥራ አጣሁ። በየካርቶኑ አስካለ ድርሻዬን ትሰፍርና "እንካ፣ ከሞትህ ብላ" ትለኛለች። አንዳንዴ ሳህኑን ግድግዳ ላይ እወረውረዋለሁ፤ እሷ ጠርጋ በማግስቱ እዚያው ሳህን ላይ ትሰፍርልኛለች። ሥራ ስለሌለኝ የቀረኝ ነገር ንዴት ብቻ ነበር። ከንዴቱ አንድ ሐሳብ ወጣ፤ ከእንግዲህ ማንም አውራ ጣቴን አይዝም።

"ፊደል አስተምሪኝ" አልኳት።

"ለምን?"

"ልከስሽ።"

"ጥሩ ምክንያት ነው" አለች።

በካርቶኑ ጀርባ ላይ በከሰል ጻፈችልኝ። ስሳሳት በጭልፋው እጀታ የግራ እጄን አንጓ ትመታለች፤ ቀኙን አንድም ቀን አልነካችውም። "ይህ 'ለ' ነው ወይስ 'ሐ'? እግሩን ቁጠር፣ ደንቆሮ።" ዘይነባም ከጎኔ ተቀምጣ ጀመረች፤ እሷን አትመታም፣ ልጅ የታቀፈች ሰው አይመታም ብላ። ዘይነባ ቀደመችኝ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላስበው ያነበብኩት ቃል የወተቱ ጣሳ ላይ አስካለ ለሁሉም የጻፈችው ነው፤ "አትንኩ" ይላል። ቆሜ አሥር ጊዜ አነበብኩት።

ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት እሷ ገበያ በሄደችበት ፍራሿ ሥር ካለው ፌስታል የቅጹን ግልባጭ አወጣሁ። ለማንበብ ረጅም ጊዜ ፈጀብኝ። "የቤተሰቡ ዓይነት፦ ባል የሞተባት። የሟች ገቢ፦ የለም።" ከዚያ ስሜ። ስሜን ተጽፎ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ከሟች ቀጥሎ። ወረቀት ፈልጌ በግራ እጄ ጻፍኩ፤ "እኔ ደምሴ አልሞትኩም። ያላመነ መጥቶ ይየኝ። የሞትኩ ያደረገችኝ አስካለ ናት።"

ወደ ሪም ቢሮ ልወስደው ስወጣ አስካለ የገበያ ፌስታል ይዛ ደረጃው ላይ አገኘችኝ። ፊቴን አይታ አወቀች። መንገዴን በሰውነቷ ዘጋችው።

"ዘይነባ ሁለተኛ ዝርዝር ትወርዳለች" አለችኝ። "ልጁ ወደ ሩዝ ውሃው ይመለሳል።"

"ልጁ የእኔ አይደለም።"

"የእኔም አይደለም።"

ገፋኋት። ሦስት ደረጃ ተንከባለለች፣ ድንቹ ተበተነ። ተከትያት ወርጄ እግሬን አነሳሁ። ልረግጣት ነበር፤ አቡ ኤሊ እንዳደረጋት። ነጠላ ጫማዋ ወልቆ ነበርና የእግሯን ተረከዝ አየሁት፤ ጥቁር ቁስል አለበት፣ አሮጌ፣ በላስቲክ የታሰረ። እግሬን አወረድኩ። እሷ እጇን ዘርግታ ወረቀቱን ከጣቴ ወሰደችና እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ አነበበችው።

"ጥሩ ጽፈሃል" አለች። ከዚያ እጄን፣ የተጣመመውን፣ አየች። "ስምህ ቢስተካከል እሱን ያክሙታል?"

"ያክማሉ።"

"ሐሙስ አብረን እንሂድ። እስከዚያ ታገሠኝ።"

ሐሙስ ሄድን። እሷ ብቻዋን ቀድማ ገባች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ጠበቅኩ። ስትወጣ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። "ግባ፣ ትጠራሃለች" አለችኝ።

ሪም ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ስሜን በእጄ እንድጽፍ ወረቀት ሰጠችኝ፤ ጻፍኩ። ታብሌቱን ነካ ነካ አደረገችና "ኸላስ፣ በሕይወት አለህ" አለችኝ።

"ዘይነባስ?"

"አንደኛ ዝርዝር ላይ ናት።"

"ባሏ ሳይሞት?"

"ወደ ሁለተኛው ወረደች፤ የዚያ ዝርዝር መጀመሪያ እሷ ናት። ከአንደኛው አንድ ቦታ ስለተለቀቀ ተመለሰች።"

"የማን ቦታ?"

ሪም በሩን አየች። "ሕመምተኛ ያለበት ቤት የሚል ነበረ። በውሸት ያስመዘገበ ሰው ቦታውን ያጣል። አስካለ ውሸቱን ራሷ ነገረችኝ፣ ከዚያ የራሷን ቦታ ሰርዢ አለችኝ።"

አስካለ ስኳር ነበረባት። መርፌውን ከክሊኒኩ የምትወስደው በዚያ ቦታ ነው። እኔ የሕንፃውን ሁሉ ድስት የማውቅ ሰው ይህን አላውቅም ነበር። መንገድ ላይ ደረስኩባት፤ ታክሲ ቆማ ትጠብቃለች፣ አንድ እግሯን ከመሬት አንስታ።

"ተመልሰሽ ንገሪያት" አልኳት።

"ምን ብዬ?"

"መርፌሽን ከየት ልታመጪ ነው?"

"እገዛለኋ።"

"በምን?"

"አንተ ደሞ። ስምህን ፈለግክ፣ አገኘህ። ድስቱ አንድ ነው፤ አንድ ሲገባ አንድ ይወጣል።"

"ሁለት ጊዜ ሳትጠይቂኝ አደረግሽው። አንዴ ገደልሽኝ፣ አንዴ ደግሞ ዕዳ አደረግሽብኝ።"

"እሱንም ጨምረህ ክሰሰኝ፤ አሁን መጻፍ ትችላለህ" አለችና ታክሲው ውስጥ ገባች። "ያላ ግባ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።"

እጄን በክሊኒኩ አከሙኝ። ጣቶቼን እንደገና ሰብረው አስተካከሏቸው፤ ሐኪሙ ዘግይተሃል አለኝ። ሲሊንደር ማንሳት ስለማልችል ጃል ኤል ዲብ ዘበኝነት አገኘሁ። አስካለ መርፌውን ገንዘብ ስታገኝ ሙሉ፣ ሳታገኝ ግማሽ፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አትወጋም ነበር። በመጀመሪያ የእግሯን አውራ ጣት ቆረጡ፣ ቀጥሎ እስከ ቁርጭምጭሚቷ። ያጠራቀምኩትን ሁለት ጊዜ በዘይነባ እጅ ላክሁላት፤ ሁለቱንም ጊዜ ለድስቱ አዋለችው። አንድ ጊዜ ብቻ ልጠይቃት ሄድኩ፤ ባዶ እጅ ላለመግባት የብርቱካን ጭማቂ ይዤ።

ፍራሹ ላይ ሆና ጠርሙሱን አየችው። "ስኳር በሽተኛ ጋ ጭማቂ? በዚህኛው ሞትስ ማን ነው ምስክር የሚሆንህ?" አለችና የቀረውን አንድ ጫማዋን ወረወረችብኝ። ግንባሬን አገኘችኝ። ሰሚር እየሳቀ ጫማውን አምጥቶ መለሰላት። ወፍሯል ልጁ። ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብቷል።

ዘይነባ "ይቅር በላት፣ አላህም ይቅር ይበላት" ትለኛለች። አላልኩም። ጥርሴ የለም፣ ጣቴ አይታጠፍም፣ የሰው ዕድሜ ደግሞ ትከሻዬ ላይ ሳልጠየቅ ተጭኗል፤ እሱን የሚያወርድልኝ የለም። ለቀብሯ ከመጡት ሴቶች አንዷ የሞተችበትን ቀን ለሙት ዓመቷ እንድጽፍላት ደብተር ሰጠችኝ። ያንተ ጽሑፍ ያምራል አለችኝ። እኔ የሞተችበት ቀን የምለው ግን ሆስፒታሉ በር ላይ ያረፈችበትን ቀን ሳይሆን ስሜ ከሙታን ወጥቶ የእሷ የተሰረዘበትን ነው። እሱን ጻፍኩት፤ ሐሙስ፣ ኅዳር 16 ቀን 2014 ዓ.ም.